የጋሽ አማን የካርቱን ግድግዳ

«አባቴን የሰው መሳቂያ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ ሙና፣ ፊት ለፊቴ፣ መቀሱን እንኳ ሳታስቀምጥ።

ቀሚስ ላሳጥር ነበር የገባሁት። አሰላ ገበያው ጀርባ ያለው የጋሽ አማን ልብስ ስፌት ቤት፣ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ የልጃቸው የሙና ሆኗል። የከሰል ካውያው እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ግን ያው ነው፤ ገና በሩ ላይ የአሥር ዓመት ልጅ አደረገኝ። ስለ እሳቸው ላወራ አፌን ስከፍት ነው ይሄን ያለችኝ።

ጋሽ አማን የተሰፋ ልብስ የሚጠቀልሉት በአሮጌ መጽሔት ነበር። ወረቀቱን ከመቅደዳቸው በፊት ግን ካርቱኑን በትልቁ መቀስ ዙሪያውን ቆርጠው ያወጡና በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። አንድ ስዕል፣ አንድ መስመር ወሬ፣ በቃ፣ ይሉ ነበር። ማብራሪያ ያስፈለገው ቀልድ እሳቸው ዘንድ ሲቀደድ የተበላሸ ጨርቅ ነው።

ዩኒፎርሜን ላስረዝም በሄድኩ ቁጥር መነጽሬ ደክሟል፣ እስቲ አንብቢልኝ ይሉኛል። አንዱ ስዕል ላይ ኮቱ የዋጠው ሙሽራ ቆሟል። እጅጌው መሬት ይጠርጋል። ሙሽሪት ቀለበት ይዛ እጁን ትፈልጋለች። ከስሩ «ልብሱ የኪራይ ነው» ይላል። አነበብኩላቸው፤ አልሳቁም። እኔንም አላሳቀኝም። «ተሳስቼ ነው ጋሼ፣ ሚዜው ነው የሚናገረው። ‹ትንሽ ጠብቂ፣ እጁ መንገድ ላይ ነው› ይላል» አልኳቸው። እየሳቁ ፔዳሉን መርገጥ አቆሙ፤ እንባቸውን በሜትራቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ የታተመውን አንብቤላቸው አላውቅም። ሁሉንም ከራሴ ነበር የማወራው። ቀልደኛ ነኝ ብዬ ያመንኩትም እዚያ ነው።

ማንበብ የሚችሉ ነበር የመሰለኝ። ጋዜጣ ዘርግተው ሲያነቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

«የኦሮምኛ ጋዜጣ» አለች ሙና። ቁቤን ከእሷ ደብተር ነው የለመዱት፤ የአማርኛውን ፊደል ግን ማንም አላስተማራቸውም። አንድ ጊዜ ኢተያ ሰርግ ላይ ተነስተው፣ መጽሔት ላይ እንዲህ ይላል ብለው የሙሽራውን ቀልድ ተናገሩ። ሰው ሳቀ። ወረፋ ሲጠብቅ ግድግዳውን ያነበበ አንድ አስተማሪ ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ እንደሱ አይልም እኮ፣ ማንበብ አይችሉም እንዴ አላቸው። ሰው እንደገና ሳቀ።

በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሰርግ በኋላም እኮ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። አንብቢልኝ ይሉኝ ነበር። እዋሽ ነበር። ይስቁ ነበር። አንድም ቀን አልነገሩኝም።

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ምን ይላል? ደብተር አምጪ አለኝ። የስልሳ ዓመት ሰው ሀ ሁ አስቆጠርኩ።»

ወንበር ላይ ወጥታ ሙሽራውን ከግድግዳው ላይ በጥፍሯ ላጠችው፤ ኖራው አብሮ ተነሳ። የታተመው መስመር ላይ ቀጭን ወረቀት ተለጥፎበታል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዱ ፊደል ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፦ «ትንሽ ጠብቂ፣ እጁ መንገድ ላይ ነው።»

«የቀልዷ ባለቤት ስትመጣ ስጪያት ብሎኛል» አለች። «እኔ ብሆን አልሰጥሽም ነበር።»

የመጽሔት ገጽ ቀድዳ፣ ልክ እንደ እሳቸው አራቱን ጫፍ አጥፋ ጠቀለለችና ዘረጋችልኝ። ጥቅሉን ተቀበልኳት። ቀሚሴን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።