የፍራሹ ላስቲክ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ አክስቴ ቋጠሮዋን ይዛ ወረታ እኛ ቤት ስትመጣ። ቋጠሮው ውስጥ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጋቢና አንድ ማበጠሪያ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትሮጥ የኖረች ሴት ንብረት ይኸው ነው። ዛሬ ዘመዶቼ ሲሰበሰቡ «እሷ እኮ ለቤተሰቧ የኖረች ናት» ይላሉ፤ ደረታቸውን ነፍተው፣ የራሳቸው ሥራ ይመስል። እኔም ሰምቼ ዝም እላለሁ። ብዙ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን ቁጭ ብዬ ልጽፈው ነው።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ልጅ አልወለድሽም ተብላ ከባሏ ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ አባቷ ያወረሷት አንድ ቆርቆሮ ቤት ቁሐር ሚካኤል ነበራት። ግን መቼ ገብታበት! ከቤተሰቡ አንዷ ስትወልድ የምትጠራው እሷ ናት፤ አራስ ታጥባለች፣ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃኑ አንገቱን እስኪያጸና ትቆያለች። የሩዝ አረም ሲደርስ ደግሞ የወንድሞቿ ማሳ ሁሉ የሷ ነው። ውኃ ውስጥ ቆማ ስትነቅል ውላ ስትገባ እግሯ ነጥቶ፣ ተጨማዶ ይመጣል። እሱን ዘርግታ «እዩት፣ የባልቴት ፊት አልመሰለም?» ትለንና ግራ እግሯን ከቀኙ ታጣላዋለች። አንዱ «አንተ ሰነፍ፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ ጭቃ ውስጥ ቀድሜ የምገባ!» ሲል ሌላው ይመልስለታል፤ እኛ ልጆቹ በሳቅ እንሞታለን። ፊደል ያስቆጠረኝ ትምህርት ቤት ነው፤ ወሬ ያስቆጠረችኝ ግን እሷ ናት።

የታላቅ አጎቴ ልጅ ሚስት ሲያገባ፣ «የራሳቸውን እስኪሠሩ» ብላ ቤቷን ለቀቀችላቸው። እስካሁን እየሠሩ ነው። ምን የመሰለች የፎገራ ላም ነበረቻት፤ እሷንም ሸጣ ለአባቴ ሰጠችው። ከቤታችን ኋላ ያለው ክፍል የተሠራው በዚያች ላም ነው። ክፍሉ ውስጥ ትልቅ አልጋ ገባ፤ አልጋው ላይ ላስቲኩ ያልወለቀ አዲስ ፍራሽ፤ መስኮቱ ላይ አበባ ያለው መጋረጃ። ቁልፉ ከእናቴ መቀነት ጫፍ ተቋጠረ። «የእንግዳ ነው» ትላለች። እንግዳው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ በአራት ዓመት አንድም አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ ይከፈታል፣ አክስቴ ከያለችበት መጥታ ትጠርጋለች፣ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ መልሶ ይቆለፋል።

በዚያ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውኃ አለበሰው። አክስቴ ከአረም ወጥታ እኛ ቤት የመጣችው እግሯ አብጦ፣ እየሳለች ነው። እናቴ ሩዝ ከተከማቸበት ጓዳ አነጠፈችላት። አባቴ የሩዝ ነጋዴ ነው፤ እርጥበት እንዳይነካው ብሎ ጆንያዎቹን ከእንጨት በተሠራ ርብራብ ላይ ደርድሯቸዋል። አክስቴ ከርብራቡ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ሰሌን ላይ ተኛች። መሬቱ ውኃ ያመነጫል። ሩዙን ከመሬት ከፍ ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እህቱን ሲያይ እውቀቱ የት እንደሚሄድ አይገባኝም።

ሳሏ ሲብስ አባቴ ስልክ ደውሎ ታላቅ አጎቴን ከቁሐር አስመጣው። ሦስቱ፣ አባቴ፣ እናቴና አጎቴ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች።

«አያ፣ ሌላ አልፈልግም» አለች አጎቴን። «እስከ መስቀል ደረቅ ጥግ ስጡኝ። መሬቱ ጠፈፍ ሲል እኔም እነሣለሁ።»

«ቤትሽማ ቤትሽ ነው፣ ማን ይከለክልሻል? ግን ይኸው አራስ አለችበት።»

«አራሷን ያጠብኳት እኔ አይደለሁ? ከነልጇ ስንት ጥግ ትፈልጋለች?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ።

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ መቀነቷን ነካ ነካ አደረገች። «እኔ ምን ገዶኝ» አለች፣ «ግን ድንገት እንግዳ ቢመጣ ምን ልንል ነው? እትዬ፣ እርስዎም ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ የወለወሉት ፍራሽ ነው።»

«እንግዲያው ከርብራቡ ሁለት ሦስት ጆንያ አውርደን እሷ ትውጣበት» አለ አባቴ።

«ተው! ሩዙ ይሻግታል» አለች አክስቴ። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

በዚህ በዚህ እስከ ዛሬ እናደድባታለሁ። አባቴ እፎይ ሲል ሰማሁት። አጎቴ ጉልበቱን መታ አድርጎ «ይኸዋ! የኔ እህት!» አለና ተነሣ፤ ሳይመሽበት ሄደ። ለጉባኤው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድም ጆንያ ሳያነሣ ተበተነ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቁልፉ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ አፍም ነበረኝ። ምግብ አቀረብኩ እንጂ አልተናገርኩም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተች። ከሩዙ አንድ ፍሬ አልሻገተም።

ለቅሶው ግን ደማቅ ነበር። ሰፊ ድንኳን ተተከለ። አጎቴ «እናቴ! እናቴ!» እያለ ሁለት ሰው ደግፎት ገባ። እናቴ «ቤቴን ያቆመችልኝ!» ብላ ደረቷን መታች፤ በእልልታም በለቅሶም ከአፏ ስትወጣ የሰማኋት አንዲት እውነት እሷ ናት። ያን ዕለት ከባሕር ዳር የእናቴ አጎት ከነባለቤታቸው ለለቅሶ መጡ። የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ አክስቴን አንድ ጊዜ ቢያዩዋት ነው። እናቴ ሮጣ ሄዳ ክፍሉን ከፈተች፤ ላስቲኩን በገዛ እጇ አወለቀች፤ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች።

እንግዶቹ በአራተኛው ቀን ሄዱ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። እናቴ ፍራሹን ብቻዋን ጎትታ አወጣችውና አጥሩ ላይ አሰጣችው፣ በዱላ እየመታች አራገፈችው። ከሰዓት በኋላ አስገባችው፣ ላስቲኩን መልሳ አለበሰችው፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረች።