ለገማቾቹ የነገርኳቸው ሽያጭ

እስከ ዛሬ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ግን ወልድያ የምሠራበት ሆቴል የደሞዝ ወረቀት በሰጠኝ ቁጥር መርሳ የነበረችው የአባቴ ሱቅ ትመጣብኛለች።

ልጅ እያለሁ አባቴ ሽርጥና ሻሽ ይሸጥ ነበር። ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከጓደኞቼ ጋር ከጣቃዎቹ ኋላ ድብብቆሽ እንጫወት ነበር። አባቴ አንድ ነገር አጥብቆ አስተምሮኛል፤ ስለ ገበያ ሲጠየቁ አይማረሩም። "ማማረር ሪዝቅን፣ የአላህን ሲሳይ ያሸሻል፤ አልሐምዱሊላህ በይ" ይለኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ለዙህር ሶላት መስጊድ ሲሄድ ሱቁን እኔ ጠበቅሁ። ሁለት የግብር ገማቾች መጡ። አንደኛው ፈገግ ብሎ፣ "የኔ እመቤት፣ በቀን ስንት ትሸጣላችሁ?" አለኝ። መሬት መሬት እያየሁ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ገበያው ጥሩ ነው" አልኩና የገበያ ቀኑን፣ ያውም የዒድ ሰሞኑን ሽያጭ ነገርኳቸው። የየቀኑ ሽያጭ አድርገው ጻፉት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ባንድ አፍ ቱጃር አደረግሽው እኮ!" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ግምቱ ሲመጣ የሳቀ የለም። የጨርቁ መግዣና የሱቁ ኪራይ ተነስቶ ግብሩ ሲከፈል ለእኛ የዱቄት እንኳ አይተርፍም። አባቴ ቅሬታ ይዞ ተመላለሰ። "ከራስዎ ሱቅ የተነገረን ነው" አሉት። ቤት ገብቶ አየኝ፤ አልተቆጣም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ጨርቅ ሸጦ ግብሩን ከፈለ፣ ንግድ ፈቃዱን መለሰ፣ ከዚያ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ተነሳ።

ያኔ የተሸጠው ሁሉ የእኛ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ወረቀቱ ላይ ከላይ ያለውን ቁጥር አላየውም፤ ግብር ተቆርጦ ከታች የቀረችውን ብቻ አያለሁ። ከእናቴ ጋር የምንበላው እሷን ነው። ገባኝ፤ ግን አሁን መግባቱ ማንን ይመልሳል? እኔ ከስድስተኛ ክፍል ቀረሁ። አባቴ ስልክ ከደወለ ዓመታት አለፉ፤ ይኑር ይሙት አናውቅም።

የሄደ ዕለት መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸልኝ፦ "ሐዋ፣ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ! ከሚተርፈኝ እልክልሻለሁ።"