የሒሳብ አስተማሪዬን ዘሬ ውስጥ የከተትኩበት ቀን

ዘር መቁጠር የጀመርኩት በውሸት ነው። ቢያሳፍረኝም እውነቱ ይሄው ነው። ዛሬ አምቦ ውስጥ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው «እሱን ጠይቁት፣ ያውቃል» እየተባለ እኔ ቤት ይመጣል፤ ደብተሬን ዘርግቼ ሲያየኝም ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ስቆጥር የኖርኩ ይመስለዋል። ኧረ የት ተገኝቶ!

ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፋሲካ አልፎ አንድ እሑድ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። እህቴ ነርስ ናት። ልጁ የጉደር ልጅ ነው፣ እዚያው ጉደር አስተማሪ ነው። አራት ዓመት ተዋደዋል። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ትሁት ነው፣ ደግሞ ማንም የማይስቅበትን ቀልዴን ይስቅልኛል። እንዲህ ዓይነት አማች ከየት ይገኛል? ስለዚህ ያን ቀን የቀረን ወግ ብቻ ነበር። ወጉ ደግሞ ሰባት ቤት መቁጠር ነው፤ ከአባት ጀምሮ ሰባት ትውልድ ድረስ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ጋብቻ የለም፤ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው።

የንስሐ አባታችን መካከል ላይ ተቀምጠው «በል ልጄ፣ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፣ ቁጠር» አሉኝ።

እኔ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። የሰውን ይዞታ ከእነ አዋሳኙ በቃሌ አውቃለሁ። የራሴን ዘር ግን ከአምስት በላይ አላውቅም። እነዚያን አምስቱን ሞቅ አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ስም አለቀብኝ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። ከጓዳው በር ጀርባ እህቴ ከእናታችን ጋር ሆና ጆሮዋን አቁማ እንደምትሰማ አውቃለሁ። «ከዚህ በላይ አላውቅም» ማለት ምን ነበረበት? አባቴን ያሰደብኩ መሰለኝ፤ ደግሞም ኩሩ ነኝ፣ ምን ላድርግ! አፌ ላይ የመጣልኝ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰውዬ ስም ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጡ፣ ማባዣ ባለማወቄ ጆሮዬን ሲያሹኝ የኖሩ። ስማቸውን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው ላይ ሰምቼው አላውቅም። ስድስተኛ አደረግኳቸው። ሰባተኛ ደግሞ የሳቸውን አባት። ሁለቱንም ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ጠራኋቸው።

«ተባረክ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። እኔም የእውነት የተባረክሁ መሰለኝ።

ከዚያ የልጁ አጎት ተራ ሆነ። የልጁ አባት በሕይወት ስለሌሉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጉደር ገበያ ላይ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ኦቦ» ብሎ በአክብሮት የሚጠራቸው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ የሚያወሩ፣ ድምፃቸው ጎርናና። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ሳል ያዛቸው። ውሃ ተሰጣቸው። ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ጣራውን አዩ፤ ከዚያም ስድስተኛ ብለው የሒሳብ አስተማሪዬን ጠሩ። ሰባተኛ ብለው የአስተማሪዬን አባት።

አንዱ ሽማግሌ «ወይ ጉድ! ተገናኙ!» አለ። ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

እንግዲህ አስቡት። እዚያ ቤት ውስጥ ሰውየው እንደዋሹ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ስም ሲጠፋቸው ጆሯቸው ላይ የቀረውን የኔን አንስተው ጠሩት፤ ጠርተው ሲጨርሱ ነው ምን እንዳደረጉ የገባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ግን «ይዋሻሉ!» ብዬ እንዴት እናገራለሁ? በምን አወቅህ ቢሉኝስ? ያንን ሰውዬ እኔ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት ልል ነው? ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ሁለታችንም አቀረቀርን።

የንስሐ አባታችን ብልህ ሰው ናቸው። ሁለታችንንም ትክ ብለው አዩን፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በአሥራ አምስት ቀን እዚሁ እንገናኝ፤ ሁለታችሁም ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ እንደገና ትቆጥራላችሁ» ብለው ጸሎት አሳረጉ።

ያን ማታ እህቴ ራት አልበላችም። «ጋሼ፣ እውነት ወንድሜ ነው?» አለችኝ፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። «መጀመሪያ ብዪ» ብዬ ትሪውን ወደ እሷ ገፋሁት። እንዴት ያለሁ ፈሪ ነኝ! አራት ዓመት የወደደችውን ሰው በአንድ የሒሳብ አስተማሪ አሳጥቻት፣ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ባለሃምሳ ሉህ ደብተር ገዛሁና ከታች የራሴን ስም ጻፍኩ። ከሱ በላይ አባቴን። ከዚያ የአባቴን ሣጥን ከፈትኩ። ከሥር አንድ የቆየ የፍርድ ቤት ወረቀት አገኘሁ፤ ራሱ ላይ «ሀገረ ሕይወት» ይላል፣ ያኔ አምቦ የምትጠራበት ስም። አያቴ በወሰን ተከሰው ነበር። ተከሳሽ ብሎ የአያቴን ስም ከእነ አባታቸውና ከእነ አያታቸው ጽፎታል። የሰው ወሰን ስለካ የምውለው ሰውዬ፣ አያቴ ወሰን ገፍተው መከሰሳቸውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እስከ አራተኛው በወረቀት ተረጋገጠልኝ። ለቀረው ግን ሸነን መሄድ ነበረብኝ፤ የአባቴ ታላቅ እህት ያለችው እዚያ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ተሳፈርኩ። አክስቴ ደጃፏ ላይ ጎመን ዘር ስታደርቅ አገኘኋት። ሳመችኝ፣ አገላብጣ አየችኝ፣ ከስተሃል አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ወፍረሃል እያለ ሲያሾፍብኝ። ካበላችኝ በኋላ ደብተሬን አውጥቼ «አክስቴ፣ ዘራችንን ቁጠሪልኝ» አልኳት።

«ለምን? ልትሾም ነው?»

«የለም፣ እንዲያው ለማወቅ።»

«እንዲያው ለማወቅ! አባትህ ሳለ ለምን አልጠየቅኸውም? እኔ ረስቻለሁ፣ አርጅቻለሁ፣ ተወኝ።»

ለመንኳት፣ ወይ ፍንክች። ስለ ጎመኑ አወራችኝ፣ ስለ ጎረቤቷ በሬ አወራችኝ። መምሸት ሲጀምር ተስፋ ቆረጥኩና ምርር ብሎኝ «እሺ፣ እኔ ልቁጠርልሽ» አልኩ። ለሽማግሌዎቹ የቆጠርኩትን እንዳለ፣ ከእነ ውሸቱ ቆጠርኩላት። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ስደርስ ፊቷ ተኮሳተረ። ስድስተኛው ላይ የሒሳብ አስተማሪዬን ስጠራ ከመደቡ ብድግ አለች።

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ማነው እሱ? ከየት አመጣኸው? የማን ቤት ሰው ነው አባቶቼ መሃል የምትሰነቅርብኝ?» በያዘችው ሰፌድ ትከሻዬን አለችኝ። «ደግሞ አራተኛውንና አምስተኛውን ገለባብጠሃቸዋል! ልጅየውን የአባቱ አባት ታደርገዋለህ? ጻፍ! እጅህ ተሳሰረ? ጻፍ እንጂ!»

ለካ አክስቴን የሚያናግራት ጥያቄ አይደለም፣ ፊቷ መሳሳት ነው። እስከ ዛሬ ሽማግሌ ሳነጋግር የምሠራው በዚህ ነው፤ ዝም ያለ ሰው ስህተት ሲሰማ አያስችለውም።

የወረቀቱ ሰዎች ልክ ነበሩ፤ አራተኛው ብቻ በእውነት አምስተኛው ሆኖ ተገኘ፤ ጸሐፊው መሃል ያለውን ልጁን ዘልሎት ነው። ስድስተኛው ከቡልጋ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ነው። ሕፃን ሳለ አባቱ ስለሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት፤ ሰውም በእሷ ስም፣ የእሷ ልጅ እያለ ነበር የሚጠራው። የሟቹን አባቱን ስም፣ ሰባተኛውን፣ የምታውቅ አክስቴ ብቻ ሆነች። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?» ብላት «ማን ጠየቀኝ?» አለች። ሆዴ ባባ። ያቺ ሴት ልጇን አዝላ ስንት ወንዝ እንደተሻገረች እያሰብኩ፣ የእሷንም ስም ከልጇ ጎን ጻፍኩት። ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ አለኝ። በእኔ ቁጥር ውስጥ ሴት አልነበረችም።

አሥራ አምስተኛው ቀን ደረሰ። ያው ቤት፣ ያው ሽማግሌዎች፤ እህቴም ያው ጓዳ ውስጥ። መቁጠር ከመጀመሬ በፊት ተነሣሁ። «አባቶቼ፣ ባለፈው ዋሽቻለሁ። ስድስተኛና ሰባተኛ ያልኳቸው ዘመዶቼ አይደሉም። አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰውዬና አባታቸው ናቸው» አልኩ።

ስለ አጎትየው ምንም አላልኩም። መንገዱን ሁሉ ላጋልጣቸው ስዝት ነበር የመጣሁት፤ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ሲያዩ ሳይ ግን አንጀቴ እምቢ አለ። ከኔ የተለየ ምን አጠፉ? «የኦቦ ቁጥር ከኔ ጋር መገናኘቱ የኔ ጥፋት ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አስተማሪ ናቸው ነው ያልከኝ?» አለኝ።

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ሒሳብ?»

«ሒሳብ።»

ሰውየው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ አፍኗቸው ነው። «እኔ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ አስተማሪ አያት ከየት አመጣለሁ! ከአንተ ነው የሰረቅኳቸው ልጄ፤ ሰረቅኳቸው!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የንስሐ አባታችን እንኳ በመስቀላቸው አፋቸውን ከለሉ። አጎትየው ዕንባቸውን ጠርገው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እሳቸውም ሰሞኑን ሁሉ ዘመድ ቤት ሲዞሩ ከርመው ነበር፤ ሰባቱንም በልጅ ልጃቸው እጅ አስጽፈው መጥተዋል።

እኔ ከደብተሬ፣ እሳቸው ከወረቀታቸው እየተቀባበልን ጠራን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት፣ አምስት። ስድስተኛው የኔ፣ ስድስተኛው የሳቸው፤ የተለያዩ ናቸው። ሰባተኛው የኔ፣ ሰባተኛው የሳቸው።

«አልተገናኙም» አሉ የንስሐ አባታችን። «ልጆቹ ባዕድ ናቸው፤ ይጋቡ።»

በወጉ መሠረት እልል ማለት የነበረባቸው እናቴና ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ ሙሽራዋ ዓይኗን ሰብራ ትቀመጣለች። እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ የጓዳው በር ተበርግዶ ተከፈተና እህቴ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች፤ ፊቷ በዕንባ ታጥቧል፣ በግራ እጇ ጆሮዬን እንደ ሒሳብ አስተማሪ አጥብቃ ይዛ፣ ለራሷ ሠርግ ራሷ እልልልል አለች።