በሹራብ ኮፍያ የሸፈንኩት ግማሽ ራስ

ዛሬ ጠዋት ለአንዲት የፓፓያ ችግኝ በረኪና አጠጣሁ። አውቄ አይደለም። አውቄ ባደርገው ቢያንስ ክፉ ሰው ነው ተብዬ እፈራ ነበር፤ ሳላውቅ ስላደረግሁት ሞኝ ሽማግሌ ሆኜ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልጋ ላይ የዋለ አንድ ወዳጅ አለኝ። ማሳችን ድንበርተኛ ነው፣ ዕድሜያችንም እንደዚያው። እሱ ዓርብ ዓርብ መስጊድ ይሄድ ነበር፤ እኔ እሑድ እሑድ፣ እንቅልፍ ካልጣለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን። ማሽላው እሸት ሲይዝ ሆዱን አመመው። ማሽላው ታጭዶ ሳያልቅ ሆስፒታሉ እዚህ ከሚተኛ ቤቱ ይሻለዋል ብሎ መለሰው። እንደማይድን እሱም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስንገናኝ ግን የምናወራው ስለ ዝናብ ነው።

ማክሰኞና ቅዳሜ አንዲት ልጅ ትመጣለች። የሮቢት ከተማ ልጅ ናት፤ እዚሁ ቆቦ ኮሌጅ ነርስነት ትማራለች። ተማሪዎቹ ያቋቋሙት ክበብ አላቸው። ግቢያቸው ውስጥ ችግኝ ይተክላሉ፣ ቆሻሻ ይለያሉ፣ የመታጠቢያ ውሃ ሳይባክን ለዛፍ ያውላሉ። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ የማይድን በሽተኛ ያለበት ቤት እየሄዱ ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ የሕመም ማስታገሻውን በሰዓቱ መውሰዱን ያያሉ፣ ቁጭ ብለው ያጫውታሉ። ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ስሰማ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራማ እኛም ሞልቶናል፣ ክበብ ያለን ማን አለ፣ ብዬ ነበር። በየበሽተኛው ግቢ ደግሞ አንድ አንድ ችግኝ ይተክላሉ። በሽተኛው የታጠበበት ውሃ አይደፋም፣ ለችግኟ ነው። የወዳጄ ፓፓያ በበሩ ትይዩ ስለሆነች ከአልጋው ሆኖ ያያታል።

ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ ልጅቱን ልቅደማት ብዬ ፀሐይዋ ሳትበረታ ደረስኩ። ግቢው ጥግ በባልዲ ውሃ አገኘሁ። አነሳሁና የፓፓያዋ ሥር ላይ ገለበጥኩት። ማን እንዳጠጣት እንዲመዘገብልኝም በበሩ በኩል ለወዳጄ እጄን አውለበለብኩለት። ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። ባዶውን ባልዲ አየች፣ ችግኟን አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ።

«አንሶላ የነከርኩበት በረኪና ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ሽታው እንዴት አልሸተተህም ትሉኝ ይሆናል። ሸቶኛል። የበሽተኛ ቤት ነው ብዬ አለፍኩት። ልጅቱን መቅደም ነበረብኛ።

ለምን እንደምቀድማት ልንገራችሁ። እኔና ወዳጄ ራሳችንን የምንላጨው እርስ በርስ ነው። ለጁምዓው እንዲደርስለት ሐሙስ ከሰዓት እንገናኛለን፤ አንዱን ሐሙስ እኔ እሱን፣ ቀጣዩን ሐሙስ እሱ እኔን። ይህን የጀመርነው የሚሸብት ጺም ሳይኖረን ነው። ፀጉር ቤት ሲከፈት አልተውንም፤ ማሽን ሲመጣም አልተውንም። ቁም ነገር ሁሉ የተነገረው በዚያ ሰዓት ነው፤ ምላጭ አናቱ ላይ ያለ ሰው ቢሰድቡትም ተነስቶ አይሄድም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ራሴን የሚነካ ሌላ ሰው የለም።

ዘንድሮ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሲጠይቀኝ ብርዱ ነው እላለሁ። የቆቦ ብርድ! አንድ ሐሙስ ከጆሮው ከፍ ብዬ ቆረጥኩት። ደሙን በአውራ ጣቱ ይዞ የጀመረውን ወሬ ጨረሰ። ተራዬ እንደገና ደርሶ ስሄድ ግን ራሱ ተላጭቶ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ እያብረቀረቀ ጠበቀኝ። ልጅቱ ናት አለኝ። እጇ እንዴት ቀላል እንደሆነ ሲነግረኝ ምላጬ በወረቀት እንደተጠቀለለ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሚስቱ ሌላ ለመደች የተባለ ባል የሚሰማው ይህ ከሆነ እግዜር ይርዳው።

ከዚያ በኋላ ያልቀናሁበት ነገር የለም። ወዳጄ በጉልምስናው የጎርፍ ተራ የሚያከፋፍል ሰው ነበር። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ከደረቁ ወንዝ ጠልፈን በቦይ ወደየማሳችን የምናስገባው በተራ ነው፤ ያንን ተራ የሚይዘው እሱ ነበር፣ በቃሉ ላይ ቃል የሚጨምር አልነበረም። ልጅቱ አንድ ቀን የግቢያቸው የእጅ መታጠቢያ ውሃ በሩ ላይ እየተኛ ጭቃ እንዳስቸገራቸው፣ ችግኞቹ ግን እዚያው አጠገቡ በጥም እንደሚደርቁ አጫወተችው። ብርድ ልብሱ ላይ በጣቱ ቦይ ሠራላት፤ የት እንደሚታጠፍ፣ የት ድንጋይ እንደሚገባ አሳያት። በሳምንቱ በሞባይሏ ፎቶ አንስታ መጣች። ውሃው ከችግኝ ወደ ችግኝ ተራ ጠብቆ ይሄዳል። ጎበዝ አላት። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ስንት ክረምት ጎርፍ ውስጥ እስከ ወገቤ ቆሜያለሁ፤ አካፋውን ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም።

የባሰው ደግሞ በበሽተኛው ራሱ መቅናቴ ነው። እግሩን በለብታ ውሃ ስታጥብለት፣ ትራሱን ስታስተካክልለት እያየሁ ቤቴ ሄጄ ሰውነቴን ዳሰስኩ፤ የሚያስጠይቅ በሽታ አጣሁ። ባይሆን ብዬ ጉልበቴን ነገርኳት። ይንቀሳቀሱበት አባባ ብላ አሰናበተችኝ።

አሁን ወደ ኮፍያው ልምጣ። ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ሐሙስ የእሱ ተራ ነበር። እንደማይችል ስለማውቅ ቀረሁ፤ ልኮ አስጠራኝ። እሱ ትራስ ተደግፎ፣ እኔ አልጋው ሥር መሬት ተቀምጬ፣ ከቀኝ በኩል ጀመረ። መሐል አናቴ ላይ ሲደርስ ምላጩ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«የቀረውን ሐሙስ» አለ።

ሐሙስ ሲመጣ ቀና ማለት አልቻለም። ስለዚህ ቀኙ የተላጨ፣ ግራው ሽበቱን ያንዠረገገ ራስ ይዤ ቀረሁ። ፀጉር ቤት ገብቼ ማስጨረስ እችል ነበር። ግን ሌላ ሰው ከጨረሰልኝ ወዳጄ ከእንግዲህ አይነሳም ብዬ በአደባባይ እንደ መናገር መሰለኝ። የሹራብ ኮፍያ ገዛሁ። በዚህ ሙቀት! ገበያ ላይ ያዩኝ ሁሉ ወባ ነው ብለው አዘኑልኝ፤ አንድ የዋጃ ሰውማ ጸበል ጠቆመኝ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት በረኪናውን እንዳፈሰስኩ ልጅቱ ደረሰች። ከበሩ ጀምሮ ሸተታት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከችግኟ ሥር ያለውን አፈር ቀስ ብላ ጠርጋ አወጣችና ንጹሕ ውሃ በብዛት ይፍሰስባት አለች። ከጎረቤት ቧንቧ በጀሪካን ማመላለስ የእኔ ድርሻ ሆነ። በሦስተኛው ዙር ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ረስቼ ኮፍያዬን አወለቅሁና ፊቴን ጠረግሁበት።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። ሚስቱ ያንተ ያለህ ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ከአልጋው በኩል ሳቅ መጣ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ። ልጅቱ ቀልዳ አላሳቀችውም። እኔ ነኝ ያሳቅሁት፣ በራሴ ግማሽ። ለአፍታ በማንም አልቀናሁም።

ገባሁ። ልጅቱም ተከትላኝ ገባች።

«እስካሁን?» አለኝ።

«አንተን ስጠብቅ ነዋ።»

«እኔ አልጨርሰውም» አለ። የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ አድርጎ ነው ያለው። «እሷ ትጨርስልህ።»

«አይሆንም። ተራው ያንተ ነው።»

«ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ።»

በእኛ ዘንድ የጎርፍ ተራው ደርሶ መቀበል ያልቻለ ሰው ተራውን ለወደደው ይሰጣል፤ ከሰጠ በኋላ የሚሟገት የለም። እኔም አንድ ዓመት በእንዲህ ያለ ተራ ነው ማሽላዬ የተረፈልኝ፤ የሰጠኝም ይኸው ሰው ነው። አልጋው ሥር መሬት ተቀመጥኩ።

ልጅቱ ሳሙናውን አረፋ አስደፈቀች። እጇ በእርግጥ ቀላል ነው፤ ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። ከጆሮዬ ኋላ ጠባሳ አግኝታ ምን እንደመታኝ ጠየቀች። «በልጅነታችን ወፍ ስንጠብቅ የእኔ ወንጭፍ ናት» አላት ወዳጄ፤ «ወፏ ግን ደህና ናት፣ አልተነካችም።» በጠባሳው ሁለቱም ሲስቁብኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ምላጭ አናቱ ላይ ያለ ሰው የት ይሄዳል።

ስትጨርስ እጁን ዘርግቶ ራሴን ዳበሰ፣ እህል እንደሚመረምር ነጋዴ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።

«አሁን ተራው የማነው?» አለኝ።

«የኔ። ግን እሷ...»

«እሷን አላልኩም።»

«እጄን ታውቀዋለህ።»

«ጆሮዬንም አውቀዋለሁ። ሁለት አለኝ።»

ልጅቱ ክርንዎን ትራስ ላይ ያሳርፉት፣ በግራ እጅዎ አንጓዎን ይያዙት፣ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል አለችኝ። በራሷ እጅ አድርጋ አሳየችኝ። ሐሙስ ጠዋት ይሁን፣ ማስታገሻውን ከወሰዱ በኋላ፣ ያን ጊዜ መቀመጥ ይቀላቸዋል ብላም ሰዓቱን ቆረጠችልን። እሱ ኢንሻአላህ አለ። እኔ ኮፍያዬን ከመሬት አነሳሁ።

የፓፓያዋ የታችኞቹ ቅጠሎች ስወጣ ጠውልገው ነበር። ትተርፍ እንደሆነ ልጅቱም አላወቀችም። ኮፍያዬን ኪሴ ከትቼ፣ ራሴን ፀሐይ እያቃጠለኝ፣ በዋናው መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሰዓት ጓዳ ውስጥ ያረጀ ቅል አገኘሁ። ሳሙና ቀባሁት፣ ክርኔን ትራስ ላይ አሳረፍኩ፣ አንጓዬን ይዤ ላጨሁት። ሦስት ቦታ ቆርጬዋለሁ። ሁለተኛ ዙር ላይ ሁለት ቦታ። ይህን የምጽፈው ሦስተኛውን ከመጀመሬ በፊት ነው። ከዛሬ እስከ ሐሙስ አምስት ቀን አለ፤ ለእሱ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ብዬ ልጅቱን ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። አንድ ራስ አለብኝ፣ ሙሉውን፣ ከነሁለቱ ጆሮዎች።