ሳይሰምር የገባ ስለት

ቅዱሳን፣ ሰላማችሁ ይብዛ። «ጌታ የፈወሰው ሰው ይመስክር» ሲባል እጄን ሳወጣ አንዳንዶቻችሁ ዞር ብላችሁ አይታችሁኛል። አልፈርድባችሁም። ባለቤቴን አስናቀችን አፈር ያለበሳችኋት እናንተው ናችሁ። ቢሆንም መመስከር እፈልጋለሁና ታገሡኝ። ጌታ ይባረክ!

የሞላሌ ልጅ ነኝ። ኳስ ነፍሴ ነበረች። ለወረዳ ተጫወትኩ፣ ለዞን ተመረጥኩ፣ ከዚያ ጉልበቴ ሄደ። ወጌሻው አሸው አሸው፤ የሄደ ጉልበት መች ይመለሳል! እንደምንም የስፖርት ዲፕሎማ ይዤ እዚሁ ከተማችን ኮሌጅ ውስጥ የኳስ ቡድኑ ምክትል አሰልጣኝ ሆንኩ። ምክትል ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኳስ የሚነፋ፣ ማሊያ የሚሰበስብ፣ ልጆቹን በዚያ ብርድ አሯሩጦ ላብ በላብ ካደረጋቸው በኋላ ዋናው ሲመጣ «ጨርሻለሁ ጋሼ» ብሎ ገለል የሚል ነው። ስንሸነፍ ግን ስድቡ ለሁለታችንም እኩል ነው! ዋናው ይሄዳል፣ ሌላ ዋና ይመጣል፣ እኔ እዚያው ነኝ። ጌጡ የሚባል ስም እንዳለኝ ሰው ረስቶት ገበያ ውስጥ ሳይቀር «ምክትል፣ ድንች አይወስዱም?» ይሉኝ ነበር። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፤ ድንቹን ግን ከሌላ እገዛለሁ።

አስናቀች ልብስ ሰፊ ነበረች። የተጫዋቾቹን ቁጥር ማሊያው ላይ የምትሰፋው እሷ ናት። ከእኔ በፊት ጌታን አገኘች፤ እኔ አልወደድኩላትም። «ሰው ምን ይላል? እናትሽስ ምን ይሉኛል?» እላታለሁ። እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች «ሰው ያለውን ይበል፤ አንተን ግን ጌታ አይለቅህም» ትለኛለች። ሃሌሉያ! እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

ከዚያ ታመመች። መጀመሪያ ጨጓራ ነው አልን። ሆዷ ሲያብጥ ነው የደነገጥነው። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶኝ «አቶ ጌጡ፣ ጉበቷ ነው። ዘግይታችኋል። እንግዲህ ቤቷ ትሁንና የምትወደውን ስጧት» አለኝ። የምትወደውን ስጧት! ወንድሞቼ፣ ይህን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማ ያውቀዋል።

እናቷ እማማ ወርቄ ከጓሳ ማዶ በበቅሎ መጡ፤ ጸበል ይዘው። አስናቀች «የእናቴ እጅ ነው» ብላ ጠጣችላቸው።

ያን ሰሞን ዋናው አሰልጣኝ ለቀቀ። የኮሌጁ ዲን አስጠሩኝና «በል እንግዲህ፣ ቦታው ያንተ ነው። ብዙ ጠበቅህ» አሉኝ። ቅዱሳን፣ ዕድሜዬን ሙሉ የናፈቅሁት ቃል እኮ ነው! እኔ ግን የመንዝ ልጅ ነኝ፤ በስለት ተወልጄ በስለት ነው ያደግሁት። ለእግዚአብሔር የምሰጠው ከዚህ የሚበልጥ ምን አለኝ? እዚያው ቆሜ በልቤ «እሷን አድንልኝ፣ ወንበሩን ትቼልሃለሁ» አልኩና ለዲኑ «አልፈልግም» አልኳቸው። «አበድክ እንዴ?» አሉ። አላበድኩም፤ ስለቴን ማስገባቴ ነው።

ቤት ገብቼ ስናገር እማማ ወርቄ ደረታቸውን መቱ። «ወይ አንተ! ስለት ሰምሮ ይገባል እንጂ ሳይሰምር የሚያስገባ ሰው የት አየህ?»

«እንዲያፍረኝ ነዋ፣ እማማ። ተቀብሎኝ እንዴት ይከለክለኛል?» አልኳቸው።

አስናቀች መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «ጌጡዬ፣ እኔ ብሞት ጌታ ከዳኝ ልትል ነው። የምፈራው ሞቴን አይደለም፣ ይቺን ነው። ስንት ጾሜ የለመንኩልህ ሰውዬ በእኔ ምክንያት ከእሱ ልትሄድ ነው። በል ጌታን ከስለትህ ፍታው» አለችኝ።

«አልፈታውም!» ብዬ ተነሣሁ። ተቆጣሁ፣ አይዋሽም። ልጆቹን ይዤ ዓለም ከተማ ለውድድር ወረድኩ። ያኔ ሞባይል የለ፤ እንዴት ዋለች አይባል። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲመልሰን እኔ ስለቴን በጌታ ላይ ስቆጥርበት መጣሁ። ስገባ ኩባያ ማንሳት አቅቷታል። እንዳልሰመረ ያኔ ገባኝ።

ተንበረከክሁ። ጸሎት አላውቅም። «ጌታ ሆይ፣ ፈትቼሃለሁ። ብታድናትም ጌታ ነህ፣ ብትወስዳትም...» ልቅሶ አላስጨርስ አለኝ።

«ብትወስዳትም ጌታ ነህ፣ በለው» አለችኝ አስናቀች።

አልኩት። «አሜን» አለች። እማማ ወርቄም ከጥግ «አሜን» አሉ። ጌታን የተቀበልኩት በዚያች ሰዓት ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!

እሷ ግን አልተነሣችም። ሳምንት ሳይሞላ አረፈች። ከአባቷ አጠገብ እንኳ አልተቀበረችም፤ ደብሩ ለጴንጤ ቦታ የለውም ተባልን። እማማ ወርቄ «ልጄን ሜዳ ላይ! ልጄን ሜዳ ላይ!» ሲሉ ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን ቀን አንድ ወንድም «አማኝ አያለቅስም» አለኝ። ይቅር ይበለውና፣ አልቅሻለሁ። ጌታም አልተቆጣኝም።

ወንበሩን ራሴ ያሠለጠንኩት ልጅ ያዘው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያከብረኛል፤ እኔም ኳስ እነፋለታለሁ።

«ታዲያ ፈውሱ የቱ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ሁሉን አላውቅም። ጠዋት ስነሣ «ለምን ወሰድካት?» እለዋለሁ። በነጋታውም እጠይቀዋለሁ። ደግሞስ የማያምኑትን ጌታ ማን ይጠይቃል? ከእኔ ጋር ስላለ አመሰግነዋለሁ፤ ስሙ ይባረክ። በሽተኛ ቤታችሁ ያስተኛችሁ፣ ፈውስ ለምኑ፤ እኔም አብሬያችሁ እለምናለሁ። የተሰጣችሁ እልል በሉ። የተከለከላችሁ ደግሞ ኑ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። አስናቀች የፈራችው አልደረሰም፤ ከእሱ አልሄድኩም።