በጫማ የተማርነው ዝርዝር

የያዙኝ አዘዞ፣ ከሚኒባስ ስወርድ ነው። መታወቂያ አልያዝኩም ነበርና ስሜን ሲጠይቁኝ የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ቄሱ ያወጡልኝ ስም ነው። የዓለም ስሜ ግን ከልጄ ስም ቀጥሎ ይጠራል፤ ልጄን ደግሞ እየፈለጉት ነበር።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰው ታጭቆበታል። አዲስ የገባ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ይተኛል። እኔን ግን ለሽበቴ ብለው ከካቦው፣ ከክፍሉ አለቃ፣ ቀጥሎ በመስኮቱ ሥር አስተኙኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የኮምፒውተር መምህር አስገቡ። ባልዲው ዘንድ ተቀምጦ፣ "ሥራ ከምንፈታ ላስተምራችሁ" አለ። ሸጋ ነው አልን። ወዲያው የሳሙና ቁራጭ አንሥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"በሉ ዝርዝር እንሥራ። ስማችሁን ንገሩኝ።"

እርስ በርስ ተያየን።

"ምነው?"

"ስማችን ምን ያደርግልሃል?" አለው ካቦው። "ለማን ልታደርስ ነው?"

ሰውየው ፈገግ አለ። ፈገግታውንም አላመንኩትም።

"እሺ፣ በጫማ ይሁን" አለና ጫማችንን በአተኛኘታችን ተራ ደረደረው። "ኮምፒውተር ሲቆጥር ከዜሮ ይጀምራል" ብሎ የካቦውን ጫማ ነካ።

"እኔን ነው ዜሮ ያልከኝ?"

ሳቅን። እሱ ቀጠለ፤ "መጨመሪያው ትእዛዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አዲሱን መጨረሻ ላይ ይቀጥለዋል። ሌላው፣ ቦታውን በቁጥር ከነገርከው፣ እዚያው ያስገባዋል፤ የቀሩት አንድ አንድ ይጠጋሉ።"

በማግስቱ ጠዋት ጠርተው ወሰዱት። "ይኸው፣ ሊነግርብን ሄደ" ተባባልን። እኔም ብያለሁ።

ከሰዓት በኋላ መለሱት። ውስጥ እግሩ አብጦ ጫማውን በእጁ ይዟል። ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ባልዲው አዘገመ።

ተነሣሁ። ጫማውን ተቀብዬ ከካቦው ጫማ ቀጥሎ አኖርኩት።

"እሱን ቁጥር አንድ ላይ አስገቡት" አልኩ። "እኔን መጨረሻ ላይ ቀጥሉኝ።"

"ኧረ አያ! አመኑት እንዴ?" አለ ካቦው።

"አላመንኩትም። እግሩን አየሁት እንጂ።"

ጋቢዬን ይዤ ባልዲው ዘንድ ሄድኩ።

ከተፈታን በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ መምህሩን ፒያሳ ሻይ ቤት አገኘሁት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"አያ፣ ስምዎን እኮ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።"

ልጄ ዛሬ ደኅና ነው፤ የሚፈልገው የለም። ቢሆንም ግራ ቀኜን አየሁ። ከዚያ ጠጋ ብዬ የዓለም ስሜን ነገርኩት።

እስክሪብቶ ኪሱ ውስጥ ነበር። አልጻፈውም።