የአቶ ዘለቀ የገበታ ቢላዎች

ባለፈው ቅዳሜ አቃቂ በሰቃ ገበያ፣ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ፊት ስድስት የገበታ ቢላዎች ተደርድረው አየሁ። እጀታቸው ቢጫ አጥንት፣ ጫፋቸው ዱልዱም። ሻጩ "አባባ፣ የባቡር ጊዜ ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለ አሁን አይገኝም" አለኝ። ባይገኝስ! ያን ጊዜም ቅቤ እንኳ በወጉ የማይቆርጥ ብረት ነበር። ዋጋውን ሳልጠይቅ አለፍኩ፤ ንዴቴ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአባቴ ጋር ክር ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ልቤ ግን የአቶ ዘለቀ ልጅ ውብነሽ ዘንድ ነው። አቶ ዘለቀ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሻንጣ መዛኝ ነበሩ። ሻንጣ መዛኝ! አነጋገራቸውን የሰማ ግን ሐዲዱን ከጅቡቲ ድረስ ያነጠፉት እሳቸው ይመስሉታል። አንድ ፈረንሳዊ አለቃቸው አገሩ ሲገባ ደርዘን የገበታ ቢላ ትቶላቸው ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ጨዋ መሆኑን የሚያውቁት በቢላ አያያዙ ሆነ። ሽማግሌ ልንልክ ስናስብ "መጀመሪያ ልጁን ከነአባቱ ገበታ ላይ ልየው" ብለው ላኩብን።

እኔ ሞኙ ሳምንቱን ሙሉ ሳጠና ሰነበትኩ። አስተማሪዬ ጣቢያው አጠገብ አስተናጋጅ የነበረ ጓደኛዬ ነው። ቢላ በቀኝ፣ ሹካ በግራ፤ ስለቱ ወደ ሰው አይዞርም፤ ቢላ አፍ አይነካም፤ ሲጠገብ ሁለቱም ሳህኑ ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ። አባቴ ሲያየኝ "ልታገባ ነው ወይስ ሰው ልትቀድ?" ብሎ ሳቀብኝ።

እሑድ ሄድን። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ደርቋል፤ ከሐዲዱ ወዲያ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። አባቴ የታጠበ ጋቢውን ደርቦ መንገዱን ሙሉ ሲቀልድ ደረስን።

ምን ቢቀርብልን ጥሩ ነው? ቁርጥ! ጥሬ ሥጋ፣ ከነዚያ ዱልዱሞች ጋር! አቶ ዘለቀ ደረታቸው ላይ ፎጣ ሰክተው፣ ሥጋውን በሹካ ወግተው ይገዘግዙ ጀመር። እኔም እንደሳቸው ገዘገዝኩ። ላቤ ጠብ አለ። ድንቄም ሥልጣኔ! አገር ሁሉ በስለታም ቢላ ሸርከት እያደረገ የሚበላውን፣ እኛ ስንገዘግዝ ዋልን።

አባቴ ጥቂት ታገለና ቢላውን አስቀመጠ። "ውብነሽ ልጄ፣ እስቲ የወጥ ቤቱን ቢላ አቀብይኝ።" ስታስተናግደን የነበረችው ውብነሽ እየሳቀች አመጣችለት። ከሻኛው አንድ ጥሩ ቁራጭ አነሳ፣ አዋዜ አስነካው፣ በእንጀራ ጠቅልሎ ለጋባዣችን ዘረጋ።

"አቶ ዘለቀ፣ በሞቴ!"

"እዚህ ቤት በእጅ አይጎረስም፣ አቶ ደምሴ" አሉ አቶ ዘለቀ፣ አፋቸውን ጠረግ እያደረጉ።

የአባቴ እጅ እዚያው ቀረ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ውብነሽም አየችኝ። ጉርሻውን እኔ ብቀበለው ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው?

"አባባ፣ ተው እንጂ! አታሳፍረኝ!"

አፈር ልብላ! አባቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። አቶ ዘለቀማ ደስ ብሏቸው "ልጁስ ጨዋ ነው፤ ሽማግሌ ላኩ" አሉ።

አልተላከም። በማግስቱ ውብነሽ ከፋብሪካው በር ጠብቃ "አላገባህም" አለችኝ። "የኔ አባት ድሮም እንዲሁ ነው፣ ለምደነዋል። አንተ ግን አባትህ እጁን ዘርግቶ ሲያይህ ዝም ማለት እንኳ አቃተህ። ነገ እኔንስ ማን ፊት ታዋርደኛለህ?"

አቶ ዘለቀን ዕድሜዬን ሙሉ ስንቃቸው ኖሬአለሁ። ግን እሳቸው ከልባቸው አምነውበት ነበር። እኔ ያን ቢላ እየናቅኩት ነው አባቴን ያሳፈርኩት፤ ከሁለታችን ማን እንደሚብስ እናንተው ፍረዱ።

አባቴ ያንን እሑድ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ነገር ግን በዓል በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን ሁሉ ሲያጎርስ ቆይቶ፣ እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ይሰበስብና "አንተ ብላ፣ ልጄ" ይለኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበር። ቂም ይዞብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን በሱ ዕድሜ ሆኜ ሳስበው፣ ለካስ እንዳላፍርበት ሲጠነቀቅልኝ ኖሯል።